አንቺማ የት ትሄጃለሽ

ማሙሽ ትናንት ማታ ስላልጠጣ ዛሬ ጠዋት እንቁላል ተጠበሰለት። ታላቅ እህቱ ከተወለደች ጀምሮ ጠጥታ ስለማታውቅ ደረቅ ዳቦ በሻይ ቀረበላት፤ ያቀረበችውም ራሷ ናት። እንቁላሉንም የጠበሰችው እሷው ነበረች። እናቷ ከመኝታ ቤት ሆና «ሦስት አድርጊለት፣ ዘይቱን አትሰስቺ፣ ሰውነቱ ተጎድቷል» እያለች ስታዝ፣ መጥበሻው ላይ አጎንብሳ «እሺ» ትላለች። ማሙሽ የሚባለው ሰው ሠላሳ አራት ዓመት አልፎታል፤ ፀጉሩም ከግንባሩ ሽሽት ከጀመረ ቆይቷል። ነገር ግን በዚያ ቤት አንዴ ማሙሽ የተባለ ማሙሽ ሆኖ ይቀራል። እታለም የተባለችውም እንደዚያው እታለም ሆና ቀርታለች፤ እናቷም፣ ወንድሟም፣ ጎረቤቱም፣ የማዕዘኑ ባለሱቅም እታለም ነው የሚሏት። ዋና ስሟን የሚያስታውሰው የመሥሪያ ቤቷ ደሞዝ ከፋይ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ።

የቤቱ ሕግ ከተደነገገ ሰንበትበት ብሏል። ማሙሽ ሳይጠጣ ያደረ እንደሆነ ጠዋት እንቁላል አለ። ሳምንቱን በሰላም ከዘለቀ ሸሚዝ ወይም ጫማ ይገዛለታል። ወር ሲደፍን ስልክ ተገዛለት፤ የድሮውን ስልክ የት እንዳደረሰው ግን የጠየቀው የለም፣ ጥያቄው ሆድ ያስብሰዋል ተብሎ። የእንቁላሉም የጫማውም የስልኩም ወጪ የሚሸፈነው ከእታለም ደሞዝ ነው። ጎረቤት ሲመጣ እናትየው «ልጄ ተለወጠልኝ፣ ልጄ ሰው ሆነልኝ» እያለች ታወራለች፤ ጎረቤቱም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል፤ እታለም በዚህ መሀል ሻይ ትቀዳለች። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ምን እንደታያት እንጃ፣ ወደ እሷ ዞር ብላ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለቻት። እታለም ለመመለስ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻትና «እሷማ ደህና ናት፣ እሷ ደግሞ ምን ትሆናለች!» ብላ ወሬውን ወደ ማሙሽ መለሰችው።

ዛሬ ጠዋት ግን ሽልማቱ ከእንቁላል አለፈ። ቤታቸው መንገድ ዳር ስለሆነ ወደ አስፋልቱ የምትከፈት አንዲት የፊት ክፍል አለቻቸው። ለዓመታት አንድ ፀጉር ቆራጭ ተከራይቷት ቆይቶ ባለፈው ወር ለቀቀ። ክፍሏ የእታለም ነበረች፤ ማለትም ቃል የተገባላት ለእሷ ነበር። የስፌት መኪና የገዛች ዕለት እናቷ ራሷ «ፀጉር ቆራጩ ሲወጣ እዚያ ሆነሽ ትሰፊያለሽ» ብላታለች። የስፌት መኪናው ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮሪደር ላይ እንደተቀመጠ ነው። መጀመሪያ አቧራ እንዳይነካው አንሶላ አለበሱት፤ ቀጥሎ አንሶላው ላይ የእናትየው የደም ግፊት መድኃኒት ተቀመጠ፤ ቀጥሎ የውሃ ጆግ፤ አሁን ጠረጴዛ አለመሆኑን የሚያስታውስ ሰው እታለም ብቻ ናት ማለት ይቻላል፤ እሷም አንዳንዴ ይምታታባታል።

«ዛሬ ማታ አጎትሽ ይመጣል» አለች እናቷ ወደ ሳሎኑ እየገባች። «የፊቷን ክፍል ቁልፍ በሱ እጅ ለማሙሽ እናስረክበው ብዬ ነው። ሱቅ ነገር ይክፈትባት። ሥራ ከያዘ ልቡ ይሰበሰባል። ካላገኘ ግን… ታውቂያለሽ፣ ይመለስበታል።»

«ለእኔ አልነበረም እንዴ ያልሽው እማዬ?»

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! ሥራ አለሽ፣ ጤና አለሽ። ደግሞስ አንቺማ የት ትሄጃለሽ?» አለችና ጉንጯን ዳሰስ አደረገቻት።

ይህን ያለችው በፍቅር ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። በክፋት ብትለው እታለም መልስ ነበራት። ማሙሽ በዳቦ የሳህኑን ዘይት እየጠረገ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ለእህቱ ማዘኑ ይሁን እንቁላሉ ማለቁ አላስታወቀም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው በዚህ ቤት በር አልፎ መሆን አለበት። እታለም ሳህኑን አጠበች፣ ለእናቷ መድኃኒቷን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ ሰጠቻት፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

የምትሠራው ዛፍ ባለመቁረጥ ገንዘብ በሚያስገኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ናት። መጀመሪያ ስትቀጠር ነገሩ አልገባትም ነበር፤ ሲያስረዷት ደግሞ የባሰ አልገባትም። ባለጸጎቹ አገሮች የራሳቸውን ደን ድሮ ጨርሰው ሰማዩን በጭስ ካጠቆሩ በኋላ አየሩ ሞቀባቸው። የራሳቸውን ጭስ ከመቀነስ ይልቅ ድሃው አገር ዛፉን እንዳይቆርጥ ከፍሎ ማስተው ይረክሳል ተብሎ ተሰላ። ድሃው አገርም የጠላውን ሥራ ትቶ ገንዘብ የሚያገኝበት ዘመን መጣልኝ ብሎ መሥሪያ ቤት ከፈተ። መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእታለም እንግዳ መቀበያ ግን ምድር ላይ፣ መግቢያው ጋ ነው። የስብሰባ ጠረጴዛው ከአንድ ግንድ የወጣ አንድ ወጥ ጣውላ ሲሆን ሃያ ሰው ከቦት ስለ ደን ጭፍጨፋ ሲወያይ ክርኑን ያሳርፍበታል። የእታለም ወንበር አንድ እግሩ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ለጥገና ክፍል ብታመለክት «በሚቀጥለው በጀት» ስላሏት በተሰበረው እግር ሥር የአምናውን ዓመታዊ ሪፖርት ደርባ ደልድላዋለች። ሪፖርቱ ወፍራም ስለነበር በሚገባ አገልግሏል።

ዛሬ ግርግር ነበር። ነገ ከፋዮቹ ከውጭ ይመጣሉ፤ ደን መቁረጥ ላቆመ አንድ መንደር በአደባባይ ሽልማት ይሰጣል። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ አዲስ ሱፍ ለብሶ ዛፍ አቅፎ ይስቃል። እታለም ስልክ እያነሳች፣ የእንግዶች ማለፊያ እያደለች ሳለ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላቱ ማደራቸው ከኮታቸው አቧራ ያስታውቃል። የመጡት ከደን አካባቢ ነው፤ ዶክተሩን ማነጋገር ይፈልጋሉ። ዶክተሩ የክፍያ ባለሙያው ነው። ስትደውልለት «እዚያው ቁጭ ይበሉ፣ እመጣለሁ» አለ፤ ወደ ቢሮው ላለማስገባት የሚጠቀምበት ዘዴ ነው።

ሽማግሌው ሶፋው ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው በትልቅ ማሰሮ የቆመውን ለምለም ተክል በጣታቸው ዳሰሱት። ቅጠሉን አሸት አደረጉ፤ ከዚያ አፈሩን ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ።

«ልጄ፣ ይቺን ማነው የሚያጠጣት?»

«የፕላስቲክ ናት አባቴ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን አፈሯ እርጥብ ነው።»

እታለም ሳቋን ዋጠችው። የጽዳት ሠራተኞቹ ውል «በቢሮው ውስጥ ያለ ማንኛውም ተክል ውሃ ይጠጣል» ይላል። የቀድሞው እውነተኛ ተክል ደርቆ በዚህ ሲተካ ውሉን የቀየረ የለም፤ ጽዳቷም ውሃ አላጠጣሽም ተብላ ደሞዟ ከሚቆረጥ ፕላስቲክ ማጠጣትን መረጠች። ይህን ስትነግራቸው ሽማግሌው አልሳቁም። «ልክ ናት» አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተከለ።

«ይሄ ምሳሩ አይደለም እንዴ?»

«ያውቁታል?»

«ከወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ነው። በጣውላ ንግድ ነው የከበረው፤ ምሳሩ ያልነው እኛው ነን። ምን ሆኖ ነው ዛፍ ያቀፈው?»

«የደን ጀግና ተብሎ ነው። ነገ ይሸለማል።»

«እንዲያ ነው።» ፎቶውን በጥንቃቄ አዩት። «አጥብቆ ማቀፉስ እውነቱን ነው፤ ያቺ ብቻ ናት የቀረችው።»

ዶክተሩ ወረደ። ዶክተር ይሁን አይሁን ያረጋገጠ የለም፤ ክራቫቱ ግን ዶክተር ነው። አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ክፉ ወሬ ሊናገር ሲል እንዲህ ያደርጋል። ሽማግሌው ጉዳያቸውን ተናገሩ። መንደራቸው ደኑን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በተራ ይጠብቃል። ዛፍ የቆረጠ ሰው ለቅሶ አይደረስለትም። ረሃብ የገባ ዓመት እንኳ ሥር ቆፍረው በሉ እንጂ ጣውላ አልሸጡም። ወንዝ ማዶ ያሉት ግን ሲቆርጡ ኖረው አሁን ቆም ስላሉ ክሊኒክ ተሠራላቸው፣ ወፍጮ ተተከለላቸው። የራሳቸው ምራት ባለፈው ክረምት ምጥ ይዟት ወደዚያው ክሊኒክ ስትወሰድ ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። አሁን የመንደሩ ጎረምሶች ማዶ ማዶውን እያዩ «ይሄ ደን ምን አደረገልን?» ማለት ጀምረዋል። አንድ ክሊኒክ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ከዚያ ሌላ ምንም። ዶክተሩ በጣም አዝናለሁ አለ። ለማዘን በጀት ስለማያስፈልግ ከልቡ አዘነ።

«አባት፣ እናንተ ደኑን ድሮም ቆርጣችሁ አታውቁም፤ አይደል?»

«አናውቅም» አሉ ሽማግሌው ቀና ብለው።

«ወደፊትስ ልትቆርጡ አስባችኋል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«አዩ፣ ችግሩ እሱ ነው።»

ከዚያም በትዕግሥት አስረዳቸው። ክፍያው የሚታሰበው ድሮ ከተቆረጠው ላይ ዛሬ የሚቆረጠው ተቀንሶ ነው። ማዶኞቹ ድሮ ብዙ ቆርጠዋል፣ ዛሬ ጥቂት ይቆርጣሉ፤ ልዩነቱ ይከፈላቸዋል። እናንተ ግን ድሮም ምንም፣ ዛሬም ምንም፤ ከምንም ላይ ምንም ሲቀነስ ምንም ነው። ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት እንኳ እናንተን ሲያይ ለውጥ አያይም፣ አምናም አረንጓዴ ዘንድሮም አረንጓዴ። ገንዘቡ የሚሄደው ስጋት ወዳለበት ነው። «በእናንተ ላይ ደግሞ ምንም ስጋት የለም፤ ጥሩ ሰዎች ናችሁ» አለና እጃቸውን ጨበጥ አደረገ። «ደናችሁማ የት ይሄዳል?»

እታለም የምትጽፈው የእንግዳ ማለፊያ ላይ እጇ ቆመ። ጠዋት ጉንጯን የዳሰሳት እጅ አሁን ሽማግሌውን የያዘው እጅ መሰላት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደሞዟን ይዛ በሰዓቷ ቤት የገባችው፣ ያጫትን ሰው «እናቴን ለማን ጥዬ» ብላ የመለሰችው፣ አንድ ቀን ያላመሸችው እሷ፣ ለካስ ያለ ስጋት አረንጓዴ ሆና ኖራለች። 

ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካክለው ያዙ። «እንግዲያው እኛም ስጋት ብንሆንስ?»

ዶክተሩ ግራና ቀኙን አየ። «እኔ እንዲህ አድርጉ አላልኩም።»

«አላልክም።»

«ግን ለምሳሌ አንድ ሁለት ዓመት… ለማለት ያህል ነው… ቆርጣችሁ ብታቆሙ፣ ያኔ ፋይላችሁ ይከፈታል።» ይህን ብሎ ብድግ አለና ከጠረጴዛዋ ላይ ነገ ለእንግዶች ሊታደሉ ከተዘጋጁት አረንጓዴ ኮፍያዎች አንዱን አንስቶ አጠለቀላቸው። ኮፍያው «ዛፍ ሕይወት ነው» ይላል።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽማግሌው ሶፋው ላይ እንዳሉ ነበሩ። መጋዝ የሚሸጥበትን ቦታ ጠየቋት። እታለም አቅጣጫውን ልትነግራቸው ጀምራ ተወችውና አብራቸው ወጣች። የብረታ ብረት ሱቆቹ ያሉበት መንገድ ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ ነው፤ ሚስማሩ፣ ቱቦው፣ ሰንሰለቱ እስከ እግረኛ መንገዱ ተዘርግቷል። እየሄዱ ሳታስበው የቤቷን ነገር አጫወተቻቸው፤ እንቁላሉን፣ የፊቷን ክፍል፣ ማታ የሚመጣውን አጎት። ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው እየሰሙ አንዴ ብቻ «ወንድምሽ ማዶ ነው በይኛ» አሏት።

ባለሱቁ መጀመሪያ የሞተር መጋዝ አወጣ። ገመዱን ሲስበው መንገዱ በሙሉ በጩኸት ተሞላ፤ ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዋጋውን ሲሰሙ ጭራሽ ከሱቁ ሊወጡ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ የሚስበውን ረጅሙን መጋዝ አወረደላቸው።

«ለምን ሥራ ነው የፈለጉት? ለማገዶ ነው ለጣውላ?»

«ለመተው ነው» አሉ ሽማግሌው።

ባለሱቁ ወደ እታለም አየ፤ እታለም ጣሪያውን አየች። ነጋዴ ግን ነጋዴ ነው። «ለመተው እንኳን» አለ መጋዙን በጣቱ እያንኳኳ፣ «ጥርሱ ሰፋ ያለው ይሻልዎታል።» እታለም ተከራከረችላቸው፤ ግዢው ባይሆን ብላ በልቧ እየጸለየች፣ ግን በደንብ አስቀነሰችላቸው። መጋዙ በካርቶን ተጠቅልሎ በገመድ ታሰረ።

ውጭ ሲወጡ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉበት። «ከየትኛዋ ልጀምር?» አሉ። «ሁሉንም አውቃቸዋለሁ እኮ። አንዷ ንብ አለባት። አንዷ ሥር አባቴ ከብት ሲጠብቅ ይተኛ ነበር። አንዷ ደግሞ ምንም አትረባም፣ ጎባጣ ናት፤ ግን ልጅ ሆኜ ወድቄባታለሁ፣ እጄን የሰበርኩት እሷ ላይ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረና ወደ መንገዱ ዞሩ። እታለም አባቷ ሲሞት እንኳ ያለቀሰችው ማድ ቤት ገብታ ስለነበር፣ አደባባይ ላይ ለሚያለቅስ ሰው ምን እንደሚደረግ አታውቅም፤ ካርቶኑን ተቀብላ ያዘችላቸው፣ ያ ብቻ ነው የታያት።

ከብረታ ብረቱ ሱቅ ቀጥሎ ሻንጣ የሚሸጡ አሉ። ሻንጣዎቹ በመጠናቸው ተደርድረው ከትልቁ እስከ ትንሹ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመዋል። እታለም አንድ ቀይ፣ ባለ ጎማ፣ ከእሷ ወገብ በላይ የሚደርስ ሻንጣ ፊት ቆመች። በቦርሳዋ ውስጥ ለማሙሽ የሚቀጥለው ሽልማት የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። ሳትከራከር ገዛችው።

«መንገድ አለሽ እንዴ ልጄ?»

«የለኝም አባቴ። እኔም ስጋት ልሆን ነው።»

ሽማግሌው እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ፤ ከዘራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቁ ከፊታቸው ቶሎ ለቀቀ። «ያንቺ ይሻላል» አሉ። «ያንቺ ባዶውንም ያስፈራል። የእኔ ግን ካልቆረጠ የሚያምነው የለም።» ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄደው ሚኒባስ ሲመጣ ረዳቱ ለመጋዙ የአንድ ሰው ሒሳብ ካልተከፈለ አልጭንም አለ። እታለም ከፈለች። ሽማግሌው መጋዙን እንደ ልጅ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «ዛፍ ሕይወት ነው» የሚለውን ኮፍያ እንደገና አጥልቀው ሄዱ።

ቢሮ ስትመለስ ሰዓት አሳልፋለች፤ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሻንጣውን ከጠረጴዛዋ አጠገብ አቆመችው። መጀመሪያ ያያት ዶክተሩ ነበር። ለአራት ዓመት «እንደምን አደርሽ» ብሏት የማያውቀው ሰው «የት ልትሄጂ ነው?» አላት። «ገና አልወሰንኩም» አለች። ውሸት አልነበረም። ዶክተሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ኃላፊው ራሱ ወረደ፤ የከፋዮቹን ስም፣ ማን ከማን ጎን እንደማይቀመጥ፣ የትኛው ስልክ መነሳት እንደሌለበት የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ድንገት ታውሶታል። ስለ ደሞዟም እንደሚነጋገሩ ነገራት፤ ሥራዋን ሁሌም ሲያደንቅ እንደኖረ ገለጸላት፤ ለራሱም አዲስ ነገር ነበር። የሥራ ሰዓት ከማለቁ በፊት ጥገና ክፍል በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ወንበር ተሸክሞ መጣ። በጀቱ ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም። የአምናው ሪፖርት ከወለሉ ተነስቶ፣ ተጨፍልቆ፣ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ሶፋው ላይ ተንሰራፍተው ነበር። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሲናገሩ እያንዳንዷን ቃል መዝነው ስለሚያወጡ ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ አንድ ምሽት ይፈጅባቸዋል። ማሙሽ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቁልፉ መሀል ጠረጴዛ ላይ፣ በትንሽ ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ ለማስረከቢያ ሥርዓቱ መሆኑ ነው። አጎትየው «ሰው ማለት ወድቆ የሚነሳ ነው» ብለው ጀምረው «ስለዚህ እኛም ዘመዶቹ…» ላይ ደርሰው ነበር፤ እታለም ቀዩን ሻንጣ እየገፋች ስትገባ የጎማው ድምፅ በቤቱ ሁሉ አስተጋባና ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ተቆረጠ። ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቆመች። አጎቷን በአክብሮት ሰላም ብላ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ዝም ተባለ። በዚያ ቤት ዝምታ አዲስ አይደለም፤ የተለመደው ዝምታ ግን የእታለም ነበር፣ አሁን የሌሎቹ ሆነ። እናቷ ሻንጣውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ደግማ ሻንጣውን አየች።

«የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ለምንሽ ነው?»

«እንዲሁ ነው እማዬ። አይጠፋም መቼም።»

እናትየው ተነሳች። የሻይ ሰዓት ስለሆነ እታለም ከልማድ ብድግ ልትል ስትል «ተቀመጪ! ተቀመጪ ልጄ፣ ደክሞሻል» አለቻት። ማድ ቤት ገባች፤ ስኳሩ የት እንደሆነ ግን ስላላወቀች መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ይሰማል። እታለም ቦታውን አልነገረቻትም። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ጉዳይ ተቸኩሎ አይወሰንም። እኔ ድሮም ይሄ ክፍል ለእሷ ነበር የተባለው ብዬ ሳስታውስ ነበር።» ድሮም ሲያስታውሱ እንደነበር እዚያ ቤት የሰማ የለም። «ማሙሽ ደግሞ እግዜር ይመስገን ጤናው ተመልሷል፤ እኔ ጋ መጋዘን ውስጥ ሥራ አይጠፋም።» ሥራው ይህን ሁሉ ጊዜ የት ተቀምጦ እንደነበረም አልተነገረም። እናትየው ሻይ ይዛ ስትመለስ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሷል። ቁልፉን አንስታ ከልጇ ብርጭቆ አጠገብ አኖረችው። «እኔ ማን አለኝ?» አለች ቀስ ብላ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እታለም ቁልፉን ያዘች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ያላትን ያህል ደግሞ ከፋት። እናቷ የምትወዳት መሆኑን ድሮም አልተጠራጠረችም፤ እንዲህ መፍራቷን ግን ዛሬ ገና አየች፣ ያየችውም በባዶ ሻንጣ ነው። ይህንኑ በአሥራ ስምንት ዓመት እውነት ማግኘት አልቻለችም። ሽማግሌውን አሰበቻቸው፤ አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ ይሆናል፣ መጋዙ ጭናቸው ላይ ነው፣ ጎባጣዋን ዛፍ እያሰቡ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ሻይዋን አነሳች። ስኳር አልነበረበትም።

«እንግዲህ ይቺን ነገር ከዚህ አንሷት» አሉ አጎትየው በዓይናቸው ወደ በሩ እያመለከቱ፤ «በር ላይ የቆመ ሻንጣ ደስ አይልም።»

ማሙሽ ተነሳ። ወደ ሻንጣው ሄዶ እጀታውን ይዞ በአንድ እጁ ሲያነሳው ሻንጣው እንደ ወረቀት ተስፈንጥሮ ትከሻው ጋ ደረሰ። ለአፍታ እንደዚያው አየር ላይ ይዞት ቆመ። ዘወር ብሎ እህቱን አያት። እታለም ዓይኗን አልሰበረችም፤ ፊቷ ግን ደም መሰለ። ማሙሽ በዚህ ቤት ስንት ጠርሙስ በቦት ጫማ ውስጥ የደበቀ፣ ስንት ጊዜ ሳይታመም ያቃሰተ፣ ስንት ጊዜ ልሄድ ነው ብሎ በሩ ላይ ቆሞ እንቁላል ያስጠበሰ ሰው ነው፤ ሙያው ነው። እናቱና አጎቱ ወደ ሻዩ አቀርቅረዋል። ሻንጣውን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ አወረደው። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ እጀታውን በሁለት እጁ ጨበጠና ወገቡ እስኪጎብጥ እየጎተተ አነሳው።

«ኧረ እታለም!» አለ እያቃሰተ፣ ፊቱ እስኪቀላ። «ምን ምን ብትሞይበት ነው እንዲህ የከበደው?»